ቅዱስ ያሬድና አራራይ ዜማ

ስለ ቅዱስ ያሬድ በተነገረ ቍጥር ኹላችን ፈጥነን የምናነሣው ከሰማይ የተቀበለውን ዜማ ነው። ዜማውን ከመቀበሉ በፊት በትምህርት ቤት ያሳለፋቸው የኀፍረት ዓመታት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅሰው ይታለፋሉ። እንዲህ አድርጎ መተረኩ በዜማ ተማሪዎች ላይ ጉዳት አምጥቷል፤ ከፍ ያለው ድምፅ ለተመረጡት ብቻ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ፣ ላልተሰጠው ደግሞ ተስፋ የሌለው ነገር ይመስላቸዋልና። ስለዚህ የዚህን አባት ሕይወት ስንጽፍ ከሦስቱ ዜማዎቹ ቀጥኖና ከፍ ብሎ ስለሚሄደው ስለ አራራይ፣ ወደዚያም ከፍታ ድምፅ በምን መንገድ እንደሚደርስ ጠለቅ አድርገን እንመለከታለን።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ አብድዩ፣ እናቱ ክርስቲና ይባላሉ፤ እናቱን ታውክልያ የሚሏትም አሉ። ዘመኑ አክሱም በባሕር ማዶ ሳይቀር የምትፈራበትና የምትከበርበት ዘመን ነበር። ዐፄ ካሌብ የናግራንን ክርስቲያኖች ደም ለመበቀል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የዘመተው በ517 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሆነ፣ ያሬድ በዚያን ጊዜ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ብላቴና ነበር ማለት ነው። ከሮም ግዛት የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳንም ገዳማትን እየገደሙ መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ ይመልሱ ነበር። የሚነበብ መጽሐፍ፣ የሚቀደስበትም መቅደስ ነበረ፤ ለዓመቱ በዓላትና አጽዋማት ኹሉ ተለይቶ የተሠራ ዜማ ግን ገና አልነበረም።

አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ የአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። በዚያም መዝሙረ ዳዊትን ይማር ጀመር፤ ነገር ግን ትምህርቱ አልገባ አለው። የተነገረውን ከማግስቱ አያስታውሰውም፤ ባልንጀሮቹ እያለፉት ሲሄዱ እርሱ ከነበረበት አይነቃነቅም። አባ ጌዴዎንም ይገሥጸው፣ አብዝቶም ይገርፈው ነበር፤ ጓደኞቹም ይዘብቱበት ነበር።

አባ ጌዴዎን ክፉ ሰው እንዳልነበረ ማወቅ ይገባል። በመጻሕፍት የሠለጠነ ካህን ነበር፤ ልጁንም የሚገርፈው እንዲማርለት ስለ ጓጓ ነው። ቢሆንም ስለ አለንጋው አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የፈራ ልጅ ትከሻው ይሰበሰባል፣ አንገቱ ይደርቃል፣ ትንፋሹም ያጥራል፤ እንዲህ ከሆነ ሰውነት ደግሞ የቀና ድምፅ አይወጣም። ዛሬም በአንዳንድ ጉባኤ ቤት ድምፁ የተሰነጠቀበት ብላቴና ይሣቅበታል፤ ድምፅ የለህም ተብሎም ከዜማ ወደ ሌላ ትምህርት ይገፋል። ወንድ ልጅ ወደ ጕልምስና ሲሻገር ድምፁ መጐርነኑና መሰነጣጠቁ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ይረጋል። በእነዚያ ወራት አስጨንቆ ወደ ላይ የሚያስጮኸው መምህር ለብዙ ዓመት የሚያገለግለውን ድምፅ ገና በጧቱ ያበላሸዋል።

ያሬድም ግርፋቱና ስድቡ በበዛበት ጊዜ ትምህርቱን ጥሎ ኮበለለ። ማይ ኪራህ ወደ ተባለው ስፍራ በደረሰ ጊዜ ፀሐይ ስለ በረታበት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ከዚያም አንድ ትል በዛፉ ግንድ ላይ ሲወጣ አየ። ትሉ ከግንዱ እኩሌታ ደርሶ ይወድቃል፤ ተመልሶም ይጀምራል፤ ዳግመኛም ይወድቃል። ብዙዎች እንደሚተርኩት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከላይ ደረሰና ፍሬውን በላ። ብላቴናውም ይህን አይቶ ራሱን መረመረ፤ በጥቂት ግርፋት ተስፋ በመቍረጡ አፈረ፤ አልቅሶም ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው ልብ ብለን አንመለከተውም። ትሉ የወጣው ዘሎ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ከሥር ጀምሮ ግንዱን እየያዘ ነው። በወደቀም ጊዜ የሚመለሰው ከወደቀበት ከፍታ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። ድምፁን ማሳደግ የሚወድ ደቀ መዝሙር ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከወዴት ያገኛል?

አባ ጌዴዎን የተመለሰውን ልጅ ይቅር ብሎ ተቀበለው። ያሬድም ወደ እግዚአብሔር አብዝቶ ስለ ለመነ ልቡናው ተከፈተለት፤ በአጭር ጊዜም መዝሙረ ዳዊትንና የብሉይና የሐዲስ መጻሕፍትን ተምሮ በዲቁና ማዕርግ ተሾመ። እንግዲህ ዜማው በተገለጠለት ጊዜ ያሬድ ቃሉን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር። ይህን የምናነሣው ቃሉን ሳያጠኑ ዜማውን ለመያዝ የሚቸኩሉ ስላሉ ነው፤ ቃሉን እየፈለገ የሚያዜም ሰው ድምፁ ከፍ በሚልበት ስፍራ ኹልጊዜ ይሰናከላል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንክሳሩም ገድሉም ያስረዳሉ። እግዚአብሔር ሦስት አዕዋፍን ከኤደን ገነት ላከለት፤ በሰው አንደበትም ተናገሩት፤ ከእነርሱም ጋራ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጠቀ። በዚያ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ወደ ራሱም በተመለሰ ጊዜ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በከፍተኛ ድምፅ አዜመ። ያን ዜማ አርያም ብሎ ሰየመው። ድምፁን የሰሙት ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ የሀገሩም ሽማግሎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ፤ ሲሰሙትም ዋሉ። ከመምህሩ ቤት የኮበለለው ልጅ ይህ መሆኑን ከመካከላቸው የሚያውቁት ጥቂቶች አልነበሩም።

ቅዱስ ያሬድ ያመጣቸው ዜማዎች ሦስት ናቸው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። መምህራን ግዕዝን በአብ፣ ዕዝልን በወልድ፣ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። ግዕዝ ጽኑና ደረቅ ያለ የቀና ዜማ ነው፤ ዕዝል ረጋ ብሎ የሚለሰልስ ነው፤ አራራይ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው የሚያራራ፣ ቀጠን ባለ ድምፅ ከፍ ብሎ የሚሄድ ነው። የመጠሪያቸው ተራ ለከንቱ አይደለም። በግዕዙ ያልጸና ጕሮሮ አራራዩን ቢደፍር ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ደግሞ ከዜማነት ወጥቶ ጩኸት ይሆናል።

ድምፅን ማጕላትና ድምፅን ማቅጠን ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። አጕልቶ የሚናገር ሰው ድምፁ ወፍራም ሊሆን ይችላል፤ ቀጭኑም ድምፅ በቀስታ ሊዜም ይችላል። በገና የሚደረድር ሰው ይህን ያውቃል፤ አውታሩን ቢያጠብቀው ድምፁ ይቀጥናል፣ ቢያላላው ይወፍራል፣ አጥብቆ ቢመታው ግን ይጐላል እንጂ አይቀጥንም። በሰውም ጕሮሮ ውስጥ እግዚአብሔር ሁለት ትናንሽ አውታሮችን አኑሯል፤ ርዝመታቸው በጐልማሳ ወንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሳንባ የሚወጣው ትንፋሽ በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ። በወፍራሙ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል የሚርገበገቡት አውታሮች፣ ድምፁ እጥፍ ከፍ ሲል 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ይህም የሚሆነው ትናንሽ ጡንቻዎች አውታሮቹን ስበው ሲያስረዝሟቸውና ሲያሳሷቸው ነው። የሳሳውን አውታር በብዙ ትንፋሽ የሚገፋ ሰው አውታሮቹን እርስ በርሳቸው ያጋጫል፤ ይህም ሲደጋገም ያብጣሉ፣ ድምፁም ይሻክራል። ወደ ላይ ለመውጣት የሚያስፈልገው በልክ የሚለቀቅ ትንፋሽ ነው፤ ጕልበቱም ከጕሮሮ ሳይሆን ከጐንና ከሆድ ይመጣል።

ስለዚህ በጎ የዜማ መምህር ደቀ መዝሙሩን ከዝቅተኛው ይጀምርለታል። አንዲቱን ሐረግ ራሱ ያዜማታል፤ ተማሪው ይቀበለዋል፤ እንደ ገና ይመልሳታል። ዘመናውያን የድምፅ መምህራንም ከዚህ የራቀ ነገር አያስተምሩም። አስቀድሞ ከንፈርን ገጥሞ በቀስታ ማንጐራጐር፣ ያለ ጭንቀት ከሚደረስበት ድምፅ መነሣት፣ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ከፍ ማለት፣ ጕሮሮ ማነቅ ሲጀምርም ወደ ታች መመለስ ነው። አገጭን ወደ ላይ መስቀል አይገባም፤ አንገት በተዘረጋ ጊዜ ጕሮሮ ይጠብቃልና። በየቀኑ ጥቂት ጊዜ መለማመድ በሳምንት አንድ ቀን ሌሊቱን ኹሉ ከመጮኽ ይበልጣል። የሻከረ ድምፅ ዕረፍትና ውሃ ይፈልጋል፤ መሻከሩ ከሦስት ሳምንት ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ድምፅ የሚከፈተው በዓመታት ነው፤ ድጓ ተማሪም በጉባኤ ቤት ብዙ ዓመት መቀመጡ መጻሕፍቱ ስለ በዙ ብቻ አይደለም።

በዚህ ዘመን በየአጥቢያው የድምፅ ማጕያ ገብቷል። ማጕያው ድምፅን ያጐላል፤ ከፍታን ግን አይሰጥም። ማጕያ በእጁ ይዞ ሳለ እንደ ገና የሚጮኽን አገልጋይ ስናይ እጅግ እናዝናለን። የማኅሌቱ ሌሊት ሳይጋመስ ድምፁ ይዘጋል፤ ሕዝቡም ቃሉን አይለየውም።

በድጓው ቃል ላይ የሚጻፉት ስምንቱ የዜማ ምልክቶች ይህንኑ የመውጣትና የመውረድ ሥርዓት ይጠብቃሉ። እነርሱም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅንዓት፣ ሂደት፣ ቍርጥ ናቸው፤ ኋላም ድርስና አንብር ተጨምረውባቸዋል። ቅንዓት ድምፁን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ድፋት ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ደረት ከውስጥ ከደረት ያወጣዋል፤ ቍርጥ አሳርፎ ትንፋሽ ያስወስደዋል። ከፍ ያለው ድምፅ ሳያርፍ ከላይ እንዲቀር የሚያዝ ሥርዓት በድጓ የለም። መምህራን እነዚህን ምልክቶች ከጌታችን ሕማም ጋራ ያያይዟቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ሂደት ወደ ቀራንዮ መወሰዱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ ያሳስባል። ምልክቶቹን ራሱ ቅዱስ ያሬድ እንደ ሠራቸው የሚያስተምሩ አሉ፤ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. በነገሠው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳደራጇቸውም ይነገራል። ዘመኑ ከግራኝ ጦርነት ቀጥሎ፣ መጻሕፍት ከተቃጠሉ በኋላ መሆኑን ስናስብ፣ ዜማውን በጽሑፍ ለማሰር የተጨነቁበት ምክንያት ግልጥ ይሆናል። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም እስከ ዛሬ የድጓ ማስመስከሪያ ሆና የምትከበረውም ያን ዘመን ተሻግራ ድጓውን ስላቆየች ነው።

ወደ ቅዱሱ ታሪክ እንመለስ። ከካሌብ ልጅ ከዐፄ ገብረ መስቀል ጋራ የነበረው ፍቅር የታወቀ ነው። ከንጉሡና ከአቡነ አረጋዊ ጋራ ሆኖ ወደ ጣና ቂርቆስና በጋይንት ወዳለችው ወደ ዙር አምባ እንደ ሄደ ይተረካል፤ ዙር አምባም ዛሬ የዝማሬና የመዋሥዕት ትምህርት ማእከል ናት። የደረሳቸው መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕት። ድጓው በዮሐንስ፣ በአስተምሕሮና በፋሲካ ተከፍሎ የዓመቱን በዓላት ይከተላል፤ ጾመ ድጓ ለዐቢይ ጾም ነው፤ ዝማሬ ከቍርባን ጋራ፣ መዋሥዕት ከሙታን ጋራ ይዜማል። በእነዚህ ውስጥ ግዕዙም፣ ዕዝሉም፣ አራራዩም እንደ ጊዜውና እንደ ምሥጢሩ ተሰናድተው ይገኛሉ። መዘምራን በጸናጽልና በከበሮ፣ በመቋሚያም እየዘመሙ የሚያገለግሉትም ከእርሱ በተቀበሉት ሥርዓት ነው።

በአንድ ቀን ቅዱስ ያሬድ ከንጉሡ ከገብረ መስቀል እግር በታች ቆሞ ያዜም ነበር። ንጉሡም ድምፁን እየሰማ ልቡ ስለ ተመሰጠ የተመረኰዘበትን ዘንግ ወይም ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። እግሩ ተወጋ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ያሬድ ግን ማኅሌቱን እስኪፈጽም ድረስ አልተሰማውም፤ ንጉሡም አላወቀም። ሠዓልያን ይህን ታሪክ እጅግ ስለሚወዱት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ይሥሉታል። ምእመናን ሥዕሉን ሲያዩ የሚያደንቁት ሕመሙን አለማወቁን ነው። በማኅሌት የቆመ ካህን ግን ሌላም ነገር ያይበታል። ከድምፁ ጋራ የሚታገል ሰው ሰውነቱን አይረሳም፤ ጕሮሮው ያስጨንቀዋል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ የሚቀጥለውን ከፍታ እየፈራ ይጠብቃል። በተወጋ እግር ቆሞ ማኅሌቱን እስከ ፍጻሜው ያደረሰ ሰው ድምፁ ድካም የሌለበት ሆኖለት ነበር።

ንጉሡ ያደረገውን ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቅሎ ስለ ፈሰሰው ደም የወደደውን ኹሉ እንዲለምነው ነገረው። ያሬድም እንዳይከለክለው አስቀድሞ አስማለው፤ ካስማለውም በኋላ ወደ ገዳም ሄዶ ይመነኵስ ዘንድ እንዲያሰናብተው ለመነው። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፤ ስለ መሐላው ግን ሊያስቀሩት አልቻሉም። በቤተ መንግሥቱ ሊሾምና ሊሸለም በሚችልበት ሰዓት የጠየቀው ስንብት መሆኑ፣ ድምፁን ለማን እንዳሳደገው በሚገባ ያሳያል።

ከመሄዱ በፊት ወደ አክሱም ጽዮን ገባ። በታቦተ ጽዮን ፊትም ቆሞ አንቀጸ ብርሃን የተባለውን የእመቤታችንን ምስጋና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሰ። በዚያን ጊዜ አንድ ክንድ ያህል ከምድር ከፍ ከፍ እንዳለ ስንክሳሩ ይነግረናል። ከዚያም ወጥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ።

የሰሜን አገር ብርዱ ጽኑ፣ ደጋው ከፍ ያለ፣ ቍልቍለቱም የሚያስፈራ ነው። ቅዱስ ያሬድ በዚያ በጾምና በጸሎት ተወስኖ ሥጋውን እያደከመ ኖረ። ሰሚ ንጉሥ፣ የሚሮጥ ሕዝብም በዚያ አልነበረም፤ ያን በአክሱም ከተማውን ኹሉ የሰበሰበ ድምፅ የሚቀበለው የተራራው ገደል ብቻ ነበር። እግዚአብሔርም ስሙን ለሚጠሩና መታሰቢያውን ለሚያደርጉ ቃል ኪዳን ሰጠው። በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን፣ በ66 ዓመት ዕድሜው፣ በዚያው በሰሜን ተሰወረ። በየዓመቱ በዚህ ቀን መዘምራን ሌሊቱን ቆመው ከእርሱ በተማሩት ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ያከብሩታል።